ለሯጭና ለስፖርተኛ የሚሆን ጣሊያንኛ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በቡራዩ ልምምድ ለሚሠሩ ሰዎች ጣሊያንኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሯጮች ናቸው። ጣሊያን ተወዳድረው የተመለሱ አሉ፤ ማናጀራቸው ጣሊያናዊ የሆነ አሉ፤ የመጀመሪያውን ጥሪ የሚጠባበቁም አሉ። ሌሎቹ ሮም ወይም ሚላኖ ወዳለ ዘመድ ለመሄድ የተዘጋጁና የጀመሩትን ስፖርት እዚያም ማቋረጥ የማይፈልጉ ወጣቶች ናቸው። ከዚህ በታች የምመልሳቸው እነዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ነው። የጣሊያንኛውን ቃል በሙሉ የጻፍኩት በፊደላችን ነው፤ ድምፁን መያዝ ከቻላችሁ የላቲኑ አጻጻፍ በኋላ ይደርሳል።

ከሰላምታ ልጀምር?

ከሰላምታ አትጀምሩ። «ቻኦ» እና «ቦንጆርኖ» አገሩን በረገጣችሁ ማግስት ማንም ሳያስተምራችሁ ይለመዳሉ። ከመሄዳችሁ በፊት አፋችሁ ላይ መገኘት ያለባቸው ሕመምን፣ ድካምንና አለመረዳትን የሚናገሩት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የሚያስፈልጉት እግር ሲከዳና ትንፋሽ ሲያጥር ስለሆነ ያን ጊዜ ስልክ አውጥቶ ቃል መፈለግ አይቻልም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻችን አሠልጣኝን እንደ ወላጅ ማክበር ተምረው ያድጋሉ። አሠልጣኙ «ቱቶ ቤኔ?» ማለትም «ሁሉ ደህና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የባት ጡንቻዋ ተወጥሮ እያሠቃያት አንገቷን ደፍታ «ሲ፣ ሲ» የምትል ሯጭ ብዙ ናት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው «አዎ» በይሉኝታ የተባለ መሆኑን ጠያቂው ከፊቷ ያነብባል። ጣሊያናዊው አሠልጣኝ ግን «ሲ» ከተባለ «ሲ» ነው ብሎ ልምምዱን ይቀጥላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የተነገረውን ነው ያመነው። ስለዚህ እነዚህን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ከሌላው ሁሉ አስቀድሙ፦

«ሚ ፋ ማሌ ኩዊ»፦ እዚህ ጋ ያመኛል። በጣት እያሳዩ የሚባል ነው።
«ዴቮ ፌርማርሚ»፦ መቆም አለብኝ።
«ኖን ቼ ላ ፋቾ ፒዩ»፦ ከዚህ በላይ አልችልም።
«ሚ ጂራ ላ ቴስታ»፦ ራሴን ያዞረኛል።
«ኖን ኦ ካፒቶ»፦ አልገባኝም።

አምስቱም አክብሮት የጎደላቸው አይደሉም። ጣሊያን ውስጥ አሠልጣኝን «መቆም አለብኝ» ማለት ድፍረት ተብሎ አይቆጠርም፤ እንዲያውም ሰውነቱን የሚያውቅ አትሌት ነው ያሰኛል።

«ሚ ፋ ማሌ» እንዴት ነው የሚሠራው?

ልክ እንደ አማርኛችን። «ጉልበቴን ያመኛል» ስንል የሚያመው ጉልበቱ ነው፤ ሕመሙ የሚደርሰው ደግሞ «ኝ» ላይ ነው። ጣሊያንኛውም «ሚ ፋ ማሌ ኢል ጂኖክዮ» ሲል «ሚ» የእኛን «ኝ» ቦታ ይዛለች። የሚያመው ከአንድ በላይ ከሆነ «ፋ» ወደ «ፋኖ» ይለወጣል፦ «ሚ ፋኖ ማሌ ኢ ፖልፓቺ»፣ ባቶቼን ያመኛል። በዚህ መንገድ ሌሎችም ይመጣሉ። «ሚ ማንካኖ ዱዌ ጂሪ» ሁለት ዙር ይቀረኛል፤ «ሚ ባስታ» ይበቃኛል፤ «ሚ ሴምብራ» ይመስለኛል። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ የሚቸገሩት ዓረፍተ ነገሩን በመጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ ጣሊያንኛ ሲያዞሩት ነው። በቀጥታ ከአማርኛ ተሻገሩ፤ መንገዱ አጭር ነው።

አንድ ልዩነት አለ። ረሃብና ጥም በጣሊያንኛ በ«አለኝ» ነው የሚነገሩት። «ኦ» ማለት «አለኝ» ነው፤ «ኦ ፋሜ» ራበኝ፣ «ኦ ሴቴ» ጠማኝ። ድካም ደግሞ በ«ነኝ» ይነገራል፦ ወንድ «ሶኖ ስታንኮ»፣ ሴት «ሶኖ ስታንካ»።

እግሬን አመመኝ ስል ለምን አይገባቸውም?

አማርኛው «እግር» ከዳሌ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ ስለሚሸፍን ነው። ጣሊያንኛው ይከፋፍለዋል። «ጋምባ» ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው ነው፤ «ፒየዴ» መሬት የሚረግጠው ነው። «እጅ»ም እንደዚሁ ነው፦ «ማኖ» መዳፍና ጣቶቹ፣ «ብራቾ» ክንዱ። የአውራ ጣቷ ጥፍር ተነቅሎ «ሚ ፋ ማሌ ላ ጋምባ» ያለች ሯጭ ባቷንና ታፋዋን ታሽታ ልትመለስ ትችላለች። «ጉልበት»ም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አካሉ «ጂኖክዮ» ሲሆን አቅሙ «ፎርጻ» ነው።

ለሯጭ ከሁሉ የሚበልጡትን ልዘርዝር። ቁርጭምጭሚት «ካቪሊያ»፣ ተረከዝ «ታሎኔ»፣ ባት «ፖልፓቾ»፣ ታፋ «ኮሻ»፣ ዳሌ «አንካ»፣ ጅማት «ቴንዲኔ»፣ ጀርባ «ስኪዬና»። ወገብ ሲያምም ጣሊያኖች በአብዛኛው የሚሉት ያንኑ «ስኪዬና» ነው። ወለምታ ሲደርስ «ኦ ፕሬዞ ኡና ስቶርታ» በሉ። ጡንቻ ሲጨመድድ «ኦ ኡን ክራምፖ» ነው። ስትሮጡ ጎናችሁን ሲወጋችሁ ደግሞ ጣሊያኖች ሕመሙን ለጣፊያ ይሰጡታል፦ «ኦ ማሌ አላ ሚልጻ»። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት ቢነግራችሁም ሜዳ ላይ የሚባለው ይኸው ነው። ራስን መጉዳትን ለመናገር ወንድ «ሚ ሶኖ ፋቶ ማሌ»፣ ሴት «ሚ ሶኖ ፋታ ማሌ» ይላሉ።

ነገሩ የባሰ ከሆነ በጣሊያን የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው፤ «ኡኖ፣ ኡኖ፣ ዱዌ» ብላችሁ ለሚደውለው ሰው ንገሩ።

አነባበቡ ይከብዳል?

ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም አይከብድም፤ አንዳንዱ ነገር እንዲያውም ተሰጥቶናል። የእንግሊዝ ሰው «ሞንታኛ» እና «ባኞ» ለማለት ምላሱ ሲተሳሰር እኛ «ኝ» አለችን። ከዚህ የሚበልጠው ሀብታችን ግን ማጥበቅና ማላላት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ አንድ ነገር መኖሩ ነው፤ ይህን ልዩነት ማንም ሳያስተምረን እንሰማዋለን። ጣሊያንኛም በዚህ የሚኖር ቋንቋ ነው። «ሴቴ» ሲላላ ጥም፣ ሲጠብቅ ሰባት ነው። «ቱታ» ሲላላ የስፖርት ልብስ፣ ሲጠብቅ «ሁሏም» ማለት ነው።

ችግሩ ፊደላችን ማጥበቅን አለማሳየቱ ነው። በፊደል የጻፋችሁትን ማስታወሻ ከሳምንት በኋላ ስታነቡት ጥሙና ሰባቱ ይምታቱባችኋል። ለዚህ ክፍል ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ እናስይዛለን፤ ከሚጠብቀው ፊደል ሥር መስመር ይሰመራል። ሰንዳፋ የምትኖር አንዲት ተማሪዬ ደብተሯን ስትገልጥ ገጹ በአጫጭር ቀይ ሰረዞች ተሞልቷል። ስታነብ እያንዳንዱ ሰረዝ ላይ አገጯን ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች፤ ከእኔ ተማሪዎች ጣሊያንኛዋ ከሁሉ የጠራው የእሷ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ «ካልዶ» ሙቅ እንጂ ቀዝቃዛ አይደለም። የእንግሊዝኛው ድምፅ እያሳሳተ ስንቱን አትሌት የፈላ ውሃ ያሲዘዋል። ቀዝቃዛው «ፍሬዶ» ነው፤ በረዶ «ጊያቾ»።

አስቀድሜ የማውቃቸው የጣሊያንኛ ቃላት አሉ?

ብዙ አሉ፤ ስትለብሱ ስትሄዱ ትጠሯቸዋላችሁ። ቱታ፣ ማሊያ፣ ካልሲ፣ ጓንት፣ ቦርሳ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኳስ በቴስታ ሲመታ ያያችሁ ሁሉ ራስ «ቴስታ» መሆኑን ታውቃላችሁ። ፌርማታ የሚል ሰው «ፌርማርሚ» ብሎ ለመቆም መንገዱን ግማሽ ሄዷል።

ነገር ግን ሁሉም ትርጉማቸውን ይዘው አልቆዩም። ካናቴራ ለእኛ እጅጌ ያለው የዘወትር ልብስ ነው፤ ለጣሊያኑ «ካኖቲዬራ» እጅጌ የሌለው ነው፤ እጅጌ ያለውን «ማልዬታ» ይለዋል። ትልቁ ወጥመድ «ፒስታ» ነው። እኛ ፒስታ መንገድ የምንለው አስፋልት ያልለበሰውን ነው። ጣሊያናዊው አሠልጣኝ «ዶማኒ ኢን ፒስታ» ሲል «ነገ ትራክ ላይ» ማለቱ ነው። ኮሮኮንች መስሏችሁ ወፍራም ጫማ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ኮሮኮንቹን መንገድ እነሱ «ስቴራቶ» ይሉታል። «ጋራ» ደግሞ ተራራ ሳይሆን ውድድር ነው፤ «ዶማኒ ኦ ኡና ጋራ» ያለ ሰው ነገ ውድድር አለብኝ እያለ ነው። ጂምናዚየምን አስታውሳችሁ «ጂናዚዮ» ካላችሁ ደግሞ ትምህርት ቤት ይጠቁሟችኋል። ክብደት የሚነሣበት ቤት «ፓሌስትራ» ይባላል።

አሠልጣኙ በልምምድ መሐል የሚጮኸው ምንድን ነው?

ትእዛዞቹ አጫጭር ናቸው። ሳትተረጉሙ እግራችሁ እስኪታዘዛቸው ድረስ መለመድ አለባቸው። «ቫይ!» ሂድ፣ ሂጂ። «ራሌንታ!» ፍጥነት ቀንስ። «ፒያኖ!» ቀስ። «ሬስፒራ!» ተንፍስ። «ስፓሌ ባሴ!» ትከሻህን ዝቅ አድርግ። «ሱ ሌ ጂኖክያ!» ጉልበት ከፍ። «ጓርዳ አቫንቲ!» ወደ ፊት ተመልከት። «ፌርማቲ!» ቁም። እዚህ ላይ የጣሊያንኛው ትእዛዝ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለአንተም ለአንቺም አንድ ነው። ለብዙዎች ሲሆን ብቻ ይለወጣል፦ «ራሌንታቴ!» ቀንሱ።

ማበረታቻው ሌላ ነው። «ፎርጻ!» የእኛ «በርታ» ነው። «ዳይ!» ከ«በል እንጂ» ጋር ይሄዳል፤ ድምፁ ሲለወጥ «ተው እንጂ»ም ይሆናል፤ ከፊት ገጽታው ትለዩታላችሁ። «ኖን ሞላሬ!» አትልቀቅ፣ እጅ አትስጥ ማለት ነው፤ ማራቶን ላይ ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ከመንገድ ዳር ከሁሉም በላይ የምትሰሙት እሱን ነው። ስትጨርሱ ወንዱን «ብራቮ»፣ ሴቷን «ብራቫ» ይሏቸዋል። እናንተን የሚያሯሩጠውን ሰው «ሌፕሬ» ሲሉት ብትሰሙ ስድብ አይደለም፤ ጥንቸል ማለታቸው ነው፣ አሯሯጭ በጣሊያን ስሙ ይኸው ነው።

በስልክ የሚላክልኝን የልምምድ ፕሮግራም እንዴት ላንብበው?

ከሁሉ በፊት ቁጥሮቹን ተጠንቀቁ። ጣሊያኖች ነጥብና ኮማን የሚጠቀሙት ከእኛ በተቃራኒ ነው። 1.000 ብለው ሲጽፉ አንድ ሺህ ሜትር ነው፤ 8,5 ሲሉ ስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ከቁጥር ቀጥሎ ከላይ አንድ ጭረት ካለ ደቂቃ፣ ሁለት ጭረት ካለ ሰከንድ ነው። ፍጥነት የሚነገረው በኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ ተብሎ ነው፤ «ትሬ ኤ ትሬንታ» ሲሏችሁ አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ማለታቸው ነው።

ቃላቱ ደግሞ እነዚህ ናቸው። «ሪስካልዳሜንቶ» ማሟሟቂያ ነው፤ ውስጡ ያ «ካልዶ» አለ። «ኮርሳ ሌንታ» ሶምሶማ። «ሉንጎ» የሳምንቱ ረጅም ሩጫ። «ሪፔቱቴ» ኢንተርቫል፣ ማለትም እያረፉ የሚደጋግሙት ፈጣን ሩጫ፤ «ሬኩፔሮ» በመሐል የምትወስዱት እረፍት። «ሳሊቴ» ዳገት፤ እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። «አሉንጊ» በልምምድ መጨረሻ የሚሮጡት ልቅ ያሉ አጫጭር ፈጣን ርቀቶች፤ «ዴፋቲካሜንቶ» ከልምምዱ በኋላ ሰውነት ማፍታቻ። ፍጥነት እየቀያየሩ የሚሮጡት ፋርትሌክ እዚያም ፋርትሌክ ነው።

እንግዲህ «15 ደቂቃ ሪስካልዳሜንቶ፣ 10 ጊዜ 400፣ ሬኩፔሮ 1 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ ዴፋቲካሜንቶ» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ አሁን ሙሉውን ታነቡታላችሁ። የጎደለ ነገር ካለ ጠይቁ፦ «ኳንቶ ሬኩፔሮ?» እረፍቱ ስንት ነው? «አ ኬ ሪትሞ?» በምን ፍጥነት? ሁለተኛዋን ጥያቄ በተለይ አትዝለሏት። ቀላል ልምምድ ተብሎ የታዘዘውን እርስ በርስ እየተፎካከሩ ውድድር ማድረግ እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ የሚያደክመውም እሱ ነው።

ጂም ውስጥስ?

እዚህ የሚያስፈልገው ከማሽኑ ስም ይልቅ ከሰው ጋር መስማማት ነው። ዕቃው ተይዞ ከሆነ «ኳንቴ ሴርዬ ቲ ማንካኖ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስንት ዙር ይቀርሃል ማለት ነው። ተራ በተራ ለመሥራት «ፖሶ አልቴርናርሚ?» በሉ። ከባድ ክብደት ልታነሡ ስትሉ ከኋላ የሚደግፋችሁ ከፈለጋችሁ «ሚ ዳይ ኡና ማኖ?» ይበቃል። ፎጣ፣ «አሹጋማኖ»፣ ሳይዙ አትግቡ፤ ወንበሩ ላይ ሳያነጥፉ መተኛት እንደ ነውር ይቆጠራል።

ስሞቹን በአጭሩ፦ «ፓንካ» የሚተኛበት አግዳሚ፣ «ማኑብሪ» ዳምቤል፣ «ቢላንቼሬ» ረጅሙ ብረት፣ «ታፒ ሩላን» የሩጫ ማሽን፣ «አዶሚናሊ» የሆድ ስፖርት፣ «ፍሌሲዮኒ» ፑሽ አፕ፣ «ትራጽዮኒ» ፑል አፕ። «ትሬ ሴርዬ ዳ ዲዬቺ» ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ አሥር አሥር ነው።

«አሌ ሴይ» ብለው ቀጠሩኝ፤ ስንት ሰዓት ልድረስ?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት። «ሴይ» ስድስት ነው፤ ግን የእነሱ ስድስት የእኛ አሥራ ሁለት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት የስልካችሁን ሰዓት ወደ አውሮፓው አቆጣጠር አድርጋችሁ ለጥቂት ሳምንታት ኑሩበት፤ በቃል እየደመሩ መኖር በደከመ ጭንቅላት ያሳስታል። የምሽቱን ሰዓት ብዙ ጊዜ እስከ 24 ስለሚቆጥሩ «አሌ ዲቾቶ» ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

ገና አዲስ አበባ ሳላችሁ ማናጀሩ በስልክ ከቀጠራችሁ ደግሞ የአገሩን ልዩነት ጨምሩ። ጣሊያን በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። «አሌ ዲቾቶ እደውላለሁ» ያለ ሰው በጥር ወር ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በሐምሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይደውልላችኋል።

ጾም ላይ ብሆን እንዴት ላስረዳ?

ይህ ጥያቄ በየዐቢይ ጾሙ ይመጣል፤ የሮምና የሚላኖ ማራቶኖች በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ስለሚሆኑ መገጣጠሙ አይቀርም። «ዲጁኖ» ጾም ነው። ነገር ግን «ሶኖ አ ዲጁኖ» ብቻ ካላችሁ ቁርስ አልበላሁም ማለት ይሆናል፤ አስተናጋጁ በደግነት እንቁላልና ቅቤ ያቀርብላችኋል። የማትበሉትን በስሙ ጥሩት፦ «ፔር ሬሊጂዮኔ ኖን ማንጆ ካርኔ፣ ኡዎቫ ኤ ላቲቺኒ»፣ በሃይማኖቴ ምክንያት ሥጋ፣ እንቁላልና የወተት ተዋጽኦ አልበላም። ከውድድር በፊት ለሚቀርበው ፓስታ «አል ፖሞዶሮ፣ ሴንጻ ፎርማጆ» በሉ፤ በቲማቲም፣ ያለ ፎርማጆ። ይህን ሳትናገሩ ከተቀመጣችሁ ፎርማጆው ተነስንሶበት ይመጣል። ሙስሊም ሯጮች «ፋቾ ኢል ራማዳን» ቢሉ ሁሉም ይረዳል፤ የልምምዱን ሰዓት ለማስለወጥ ግን ቀደም ብሎ መነጋገር ይሻላል።

«አንተ» ልበል ወይስ «እርስዎ»?

ጣሊያንኛም ሁለቱን ይለያል። «ቱ» አንተና አንቺ ነው፤ «ሌይ» እርስዎ ነው። ሜዳና ጂም ውስጥ ሁሉም ሰው «ቱ» ይባባላል፤ ሽበት ያለው አሠልጣኝም ራሱ «ቱ በሉኝ» ሊላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ላይ «ሌይ» ብትሉ ማንም አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። ሐኪም፣ ፋርማሲና ፖሊስ ዘንድ ግን «ሌይ» ነው። ይህን ማወቅ ለመስማትም ይረዳል፤ አሠልጣኙ «ሬስፒራ» ያለውን ሐኪሙ «ሬስፒሪ» ይለዋል፤ ሁለቱም ተንፍስ ነው፣ የኋለኛው በአክብሮት።

የሐኪም ወረቀት ሲጠየቅና መድኃኒት ስገዛ ምን ልበል?

ጣሊያን ውስጥ ለውድድር ስፖርት «ቼርቲፊካቶ ሜዲኮ» መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ለተወዳዳሪ የሚሰጠው «አጎኒስቲኮ» ይባላል፤ ምርመራው የልብ ምትን በእረፍትና በድካም ጊዜ መለካትን፣ የትንፋሽ አቅምንና የሽንት ምርመራን ይጨምራል። «ሶቶ ስፎርጾ» ሲሉ እየሠራችሁ፣ «ሶፊ» ሲሉ ወደ ቱቦው ንፉ ማለታቸው ነው።

መድኃኒቱ ከዚህ ይከብዳል። በጣሊያን አበረታች ንጥረ ነገር መጠቀም የስፖርት ቅጣት ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሕግ ቁጥር 376 መሠረት ወንጀል ነው። የጉንፋን መድኃኒት እንኳ ስትገዙ «ሶኖ ኡን አትሌታ። ኮንቲዬኔ ሶስታንጼ ቪዬታቴ?» በሉ፤ አትሌት ነኝ፣ የተከለከለ ነገር አለበት? ሴትም ስትናገር ድምፁ ያው ነው። ከጓደኛ ሻንጣ ክኒን ተቀብሎ መዋጥ ይቅር። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን በወረቀት ይዛችሁ ለመርማሪው «ፕሬንዶ ኩዌስቶ ፋርማኮ» ብላችሁ አሳዩ።

ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ምን ልንገራቸው?

ብዙ የምትነግሯቸው አለ። ጣሊያኖች ለከፍታ ልምምድ የሚወጡት ሊቪኞ ወይም ሴስትሪዬሬ ነው፤ ሊቪኞ 1,816 ሜትር፣ ሴስትሪዬሬ 2,035 ሜትር ላይ ናቸው። የሱሉልታ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። «ሚ አሌኖ አ ፒዩ ዲ ዱዌሚላ ቺንኩዌቼንቶ ሜትሪ» ብላችሁ ስትነግሯቸው ጨዋታው ይከፈታል።

ከዚያ አበበ ቢቂላ ይነሣል። በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በሮም ኦሎምፒክ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነሥቶ ኮንስታንቲን ቅስት ሥር ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው «ስካልጾ»፣ በባዶ እግሩ፣ ነበር። መጨረሻ ላይ ተፎካካሪውን ጥሎ የሄደው ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው፤ ሐውልቱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። ይህን ታሪክ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር በጣሊያንኛ መናገር የሚችል ልጅ በየትኛውም የጣሊያን ከተማ ወዳጅ አያጣም፤ ተማሪዎቼን ሁሉ በቃላቸው አስይዛቸዋለሁ። «አቤቤ ቢኪላ ኮርሴ ስካልጾ ኤ ቪንሴ። ዮ ቬንጎ ዳ ኩዌል ፓዬዜ።» አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። እኔ ከዚያ አገር ነኝ።

ከውድድር በፊት «ኢን ቦካ አል ሉፖ» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

«ክሬፒ!» በሉ። «ኢን ቦካ አል ሉፖ» ቃል በቃል ወደ ተኩላ አፍ ግባ ማለት ነው፤ ምኞቱ ግን መልካም ዕድል ነው። «ግራጽዬ» ብሎ ማመስገንን ብዙዎች ገደ ቢስ ያደርጉታል።

ያለ አስተማሪ እንዴት ልለማመድ?

በልምምዳችሁ ውስጥ አስገቡት። ፑሽ አፕ ስትሠሩ በጣሊያንኛ ቁጠሩ፦ ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ፣ ኳትሮ፣ ቺንኩዌ፣ ሴይ፣ ሴቴ፣ ኦቶ፣ ኖቬ፣ ዲዬቺ። በሶምሶማ ቀን ከፊት የሚሮጠው ትእዛዙን ይጥራ፤ ሌሎቹ ተከታትለው ይፈጽሙት። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በማለዳ፣ ሣሩ ጤዛ እንደያዘ፣ አንድ ረድፍ ሠርተው የሚሮጡ ልጆች ፊተኛው «ራሌንታ!» ሲል አብረው ሲቀንሱ፣ «ቫይ!» ሲል አብረው ሲፈተለኩ ማየት ደስ ያሰኛል። በፈጣን ልምምድ ቀን ግን ቋንቋውን ተዉት፤ ትንፋሹ ለሩጫው ይቅር።

ለጆሮ ደግሞ የየማነብርሃን ክሪፓን ቃለ ምልልሶች አድምጡ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደሴ የተወለደ፣ ጣሊያን ያደገ ሯጭ ነው፤ በ2022 ሙኒክ ላይ ለጣሊያን ሮጦ በ10,000 ሜትር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። ከውድድር በኋላ ሲጠየቅ የሚናገረው እናንተ የምትፈልጉትን ነው፤ ስለ እግሩ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ መጨረሻው ዙር።

መደበኛ ትምህርትና የምስክር ወረቀት ከፈለግሁስ?

አዲስ አበባ የሚገኘው የጣሊያን የባህል ተቋም የቋንቋ ትምህርት ይሰጣል። በብዙ አገር የሚታወቁት ፈተናዎች የፔሩጃ የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ «ቼሊ» እና የሲዬና የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ «ቺልስ» ናቸው። ለመወዳደር ብቻ ለሚሄድ ሰው ሁለቱም አያስፈልጉትም፤ እዚያ ለመማር ለሚያስብ ግን ቀድሞ መጀመሩ ይጠቅመዋል። ከሱሉልታ ወይም ከሰንዳፋ ለምትመላለሱ ምክሬ ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍል መምረጥ ነው፤ ማለዳው የልምምድ ነው፣ ጠዋት በታክሲ ሰልፍ ቆሞ የደረቀ እግርም ለማታው ሶምሶማ አይመችም።